ሃያኛዋ አንገት

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለጥድፌ፤

እንደምን ሰነበትክ? ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ድምፅህን አጥፍተህ ከርመህ፣ አሁን በካርቶን ሙሉ ቁርጥራጭ ብረትና በአንድ ብጣሽ ወረቀት ሰላም ትለኛለህ? ሹፌሩ ካርቶኑን በሬ ላይ ሲያወርድ “ወንድምሽ ነው የላከው፤ ከባድ ነው” አለኝ። “ከባድ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ” አልኩት።

አልተቀየምኩም። እሺ፣ ተቀይሜያለሁ። ግን ካርቶኑን ከከፈትኩ በኋላ ቅያሜዬን የማስታመም ጊዜ አላገኘሁም።

ስለ ጤናዬ ለጠየቅከኝ፣ ጆሮዬ እንደምታውቀው ነው፤ ግራው ዝግ፣ ቀኙ ገርበብ። የብረት መቅረጫ ቶርኖ ጩኸት ሠላሳ ዓመት የሰማ ጆሮ ከዚህ በላይ አያገለግልም። ስለዚህ ስልክ እንዳትደውል፤ እኔ “ሃሎ፣ ሃሎ” ስል ሠፈሩ ይሰበሰባል፣ አንተ ያልከውን ግን ማንም አይነግረኝም። ጻፍልኝ። ዓይኔ ደህና ነው። ለምን ስለ ዓይኔ እንደጠየቅከኝ አልገባኝም። ማን ምን አለህ?

አሁን ወደ ሥራው። እንደተረዳሁህ ከሆነ ከተዘጋ የስፖርት ክበብ ሃያ ጠመንጃ ገዝተሃል፤ ሰዎች ቀለም የተሞላ እንክብል በአየር እየተኮሱ አንዱ የሌላውን ልብስ ያበላሹበታል፣ ለዚህም ወረፋ ይይዛሉ። ሠሪው ፋብሪካ ተዘግቷል፣ መለዋወጫ የለም። እና እህት አለችኝ አልክ። መልካም።

ያለ ስም የላክሃቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ረጅሙ፣ ወገቡ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለው፣ እንክብሉን ወደ አፈሙዙ የሚገፋው ነው። ይህን ፋብሪካ አልሠራውም። ፋብሪካ ለጠርዝ እንዲህ አይጨነቅም። አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ጓዳው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሠርቶታል፤ መቁረጫው ግን ደንዝዞበት ነበር፣ መጨረሻ ላይ መሳል ታክቶት ጨርሶታል። አጭሯ መዶሻ መሳይ የፋብሪካ ናት፤ ከጥምዝምዙ ሞላ ጋር ስትፋጭ ጀርባዋ ተበልቷል። የሁለቱንም ምትክ ሠርቼ ልኬልሃለሁ።

ያስቸገረችኝ ሦስተኛዋ ናት፤ ከአየር ቦምቦላው አፍ ተነስታ ቦምቦላውን ከጠመንጃው ጋር የምታገናኘው የነሐስ አንገት። ጥርሶቿ አርጅተዋል። አባባ እንዳስተማሩን የአውራ ጣቴን ጥፍር በጥርሶቿ ላይ ሦስቴ አሳለፍኩ። የሚሊሜትር ጥርስ ነው፣ ከጥርስ ጥርስ አንድ ተኩል። ያ ማበጠሪያ የሚመስለው የጥርስ መለኪያ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ግን ጥፍሬ እስከ ዛሬ ዋሽቶኝ ስለማያውቅ አላስቸገርኩትም። አንድ አዲስ አንገት ሠርቼልሃለሁ፣ ሞክራት። ስታስገባት የአባባን ቃል እንዳትረሳ፤ በጣት ያልገባ በመፍቻ አይግባ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገርህ። የታመቀ አየር ቀልድ አያውቅም። አባባ የሠሩት የወፍጮ መዘውር ተሰንጥቆ ባለ ወፍጮውን ትከሻውን የሰበረው ጊዜ፣ ቶርኖውን በሸራ ሸፍነው ዓመት ሙሉ አልነኩትም። አንተ ልጅ ነበርክ፣ ሸራው ሥር ድብብቆሽ ትጫወት ነበር። እኔ ዓመት አልጠብቅም። የሠራሁት ዕቃ ሰው ከጎዳ በዚያው ሳምንት ቶርኖውን ሸጬ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ካላደረግኩት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!

እህትህ


ጥቅምት 19 ቀን

እትዬ፣

እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነሽ? (ለሦስቱ ዓመት በየዓመቱ አንድ።) ይቅርታ መጠየቅ ጀምሬ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። አምስተኛው ይኸው ነው፣ ይቅርታው ውስጡ እንዳለ ቁጠሪልኝ።

መጀመሪያ፣ ጠመንጃ አይደለም። ማርከር ነው የሚባለው። እዚህ አንድ ሰው “ጠመንጃ” ካለ ጥበቃው ደንግጦ ይመጣል።

ገፊው እንደ ቅቤ ይሄዳል። መዶሻዋም ልክ ናት። አንገቷን አስገባኋት፣ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፣ አየር የሚባል አይወጣባትም። አዎ፣ በጣት ነው ያስገባሁት፣ አትጨቅጭቂኝ። እባክሽ አሥራ ዘጠኝ ጨምሪልኝ። ኅዳር 13 ሜዳውን እከፍታለሁ፤ በሩ ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ፣ አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ መመለስ የለም።

ቦታውን ብታዪው ትስቂያለሽ። የተዘጋ የጡብ ፋብሪካ ነው። መደርደሪያዎቹ መደበቂያ ሆነዋል፣ የጭቃው ጉድጓድ ውሃ ይዟል፣ ምድጃው ውስጥ ስትናገሪ ድምፅሽ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። አንቺ እንኳ ትሰሚው ነበር።

አንድ ብልሃት ደግሞ ከድሮ ተጫዋች ተምሬያለሁ። አንገቷ ቦምቦላው ላይ ከታሰረች በኋላ፣ ከቦምቦላው ጀምሮ እስከ አንገቷ ድረስ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ታሠምሪያለሽ። አንገቷ ትንሽ እንኳ ከዞረች መስመሩ ይሰበራል፤ የተሰበረ መስመር ካየሽ አትነኪም፣ አየሩን ቀስ ብለሽ ታስተነፍሻለሽ። ቀዩን ቀለም ልገዛ ሱቅ ስሄድ ሴትዮዋ “ለማን ነው?” አለችኝ። “ለሃያ” አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላም አትለኝም።

ስለ ዓይንሽ የጠየቅኩት በምክንያት ነው። የድሮ ደብዳቤዎችሽ መስመር ጠብቀው ይሄዱ ነበር። የአሁኑ ወደ ታች ይወርዳል።

ጥድፌ


ኅዳር 1 ቀን

ጥድፌ፣

ደብዳቤዬ የሚወርደው ጠረጴዛው ስለሚያዘነብል ነው። በሽታ አታውጣልኝ።

አሥራ ዘጠኙ አንገቶች ይኸው፣ እያንዳንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ። ከአሥራ ሁለተኛዋ በኋላ እጄ ለመደ፣ ብቻውን ይሠራ ጀመር፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ስለ አንተ አስብ ነበር። የጥፍር ቀለሙ ደግ ብልሃት ነው። አባባ ቢሰሙ “ለቦምቦላ የተኳለች ሙሽራ” ብለው ይስቁ ነበር።

ሳትጠይቀኝ ስላለፍከው ሌላ ጉዳይ፣ አዎ፣ የሄድክ ቀን “ቶርኖ ቤት እስር ቤት ነው” ያልከውን ሰምቻለሁ። በቀኝ ጆሮዬ በኩል ነበርክ። ረስቼዋለሁ ማለት አልችልም። አሁን ግን ቶርኖው የሚሠራው ላንተ ሜዳ ስለሆነ፣ እስር ቤቱ ተባብሮሃል ማለት ነው። ሥራው ደስ እያለኝ ነው። ይህን ሁለተኛ አልጽፍልህም፣ ደግመህ አንብበው።

እህትህ


ኅዳር 15 ቀን

ጥድፌ!

ሰላምታ በኋላ። በሃያዎቹም አንገቶች መሥራት አሁኑኑ አቁም። አትፍታቸው፣ አታጥብቃቸው፣ ቦምቦላውን ሙሉ እንዳለ አትንካው። ራቅ አድርገህ አየሩን ቀስ ብለህ አስተንፍስ፣ ከዚያ አውጣቸውና ላክልኝ። ሃያዎቹንም።

ተሳስቻለሁ። ጥርሱ የሚሊሜትር አይደለም። የኢንች ነው።

ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ዘይት ሊበደር መጣ፤ እኔም ልኮራበት ብዬ የላክህልኝን አሮጌ አንገት ከአዲሷ ጎን አሳየሁት። ያቺን ዓይኑ ላይ የሚሰካትን መነጽር ሰክቶ የሚሊሜትሩን መለኪያ የአሮጌዋ ጥርስ ላይ አሳረፈና “እትዬ፣ እዚህ ጋ ብርሃን ያልፋል” አለኝ። “አያልፍም” አልኩት። “ያልፋል” አለ። እንደገና ለካ። እኔ የሠራሁት አሥራ ስድስት ሚሊሜትር ነው፣ አሮጌው የኢንች አምስት ስምንተኛ፤ ውፍረታቸው የሚለያየው በአንድ ፀጉር ነው፣ የጥርሳቸው ርቀትም እንደዚያው። ሁለት ሦስት ዙር እንደ ዘመዳሞች ይተቃቀፋሉ፣ ከዚያ ይጣላሉ። ሲጣሉ ነው እንግዲህ አንተ “ጥብቅ አድርጋ ይዛለች” ያልከው። አልያዘችም። በሁለት ጥርስ ተንጠልጥላለች፣ ከኋላዋ ደግሞ ቦምቦላ ሙሉ አየር አለ።

ቆይ ግን፣ በጣት ነው ያስገባሁት ብለኸኛል። በጣት ከሆነ ከሁለት ዙር በላይ አትገባም፣ ይህን ደግሞ አንተ ታውቀው ነበር። ስንት ዙር ገባች?

ኅዳር 13 እከፍታለሁ ብለህ ነበር። ሁለት ቀን አልፏል። ሰዓት ሠሪውን በስልኩ አስደወልኩት፤ ጥበቃው አንስቶ “ወጥቷል፣ ደህና ነው” አለውና ዘጋው። ሰው ሳይጠየቅ ደህና ነው ይላል? ቁጭ ልበል ብል አልቻልኩም፣ ብነሳ የምሄድበት የለኝም። ቶርኖውን አጥፍቼዋለሁ። ሹፌሩ ይህን ደብዳቤ ሊያደርስልህ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

እህትህ


ኅዳር 21 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አትጨነቂ። ሁሉንም አውጥቻለሁ፣ በካርቶኑ ውስጥ ናቸው። ሜዳው አልተከፈተም፣ የፈቃዱ ወረቀት ዘግይቷል። ማንም ተጫዋች አልተጎዳም።

እጽፍልሻለሁ።

ጥድፌ


ኅዳር 27 ቀን

ጥድፌ፣

“ማንም ተጫዋች አልተጎዳም” የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ ተንፈስ አልኩ፤ ማታ እራቴን እንኳ በላሁ። በነጋታው ካርቶኑን ፈታሁና ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ። ጨርቆቹን አራገፍኩ፣ ካርቶኑን ገለበጥኩ፣ ሹፌሩን ተመልሶ ወንበሩ ሥር እንዲፈልግ አስቸገርኩት። አሥራ ዘጠኝ።

ሃያኛዋ የት አለች?

አሥራ ዘጠኙንም በእጄ ዳሰስኳቸው። ዓይኔን ተወው፣ እጄ እንዲህ ያለውን አይስትም፤ ሁሉም ትከሻቸው ላይ የመፍቻ ንክሻ አለባቸው። በጣት ነው ያልከኝ ውሸት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ስንት ዓመት ለፈለፍኩብህ! ግን አልቆጣህም፣ እኔም “ጥፍሬ አይዋሽም” ብዬህ ነበር። ሁለታችንም እኩል ነን።

ሌላም ነገር አለ። ያንተ ጽሕፈት ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ የሚሮጥ ነበር፣ ፊደሎቹ እርስ በእርስ ይገፋፉ ነበር። የዚህኛው ደብዳቤህ ፊደሎች አንድ በአንድ ተተክለዋል፣ “ጥ” እንደ ወንበር እግር ተዘርፍጣለች። ምን ነካህ? መኪና ላይ ሆነህ ነው የጻፍከው?

የኢንች ጥርስ ያላቸው አዳዲስ አንገቶች መሥራት አለብኝ፣ ግን ሃያኛዋን ሳላይ ቶርኖውን አላስነሳም። ሸራውን አልብሼዋለሁ። አንድ የእንጨት ሥራ ባለቤት ማሽኑን ልግዛሽ ሲለኝ ነበር፤ መጥቶ ቢያየው ምን ይላል ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ።

እስከዚያው እጄ ሥራ አይፈታ። ላንተ ለራስህ ማርከር (ይኸው፣ አልኩልህ) ለእጅህ ልክ የሆነ እጀታ በእንጨት ልቅረጽልህ። ቀኝ እጅህን ወረቀት ላይ ዘርጋና በእርሳስ ዙሪያውን አሠምረህ ላክልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 5 ቀን

እትዬ፣

በመፍቻ ነው ያስገባኋቸው። ተገኘሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ እምቢ ሲሉ “አዲስ ስለሆኑ ነው” አልኩ። መክፈቻው ደርሶ ነበር፣ ታውቂኛለሽ።

ሃያኛዋ ጭቃው ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ስፈታት ከእጄ አምልጣ ተንከባለለችና ጥልቅ አለች። ውሃው ሁለት ሜትር ነው፣ ጥበቃውም መዋኘት አይችልም፣ እኔም አልችልም፣ ስለዚህ እዚያው ትኑር። ጽሕፈቴ የተበላሸው በብዕሩ ምክንያት ነው። እዚህ ያለው ብዕር ሁሉ ወይ ያንጠባጥባል ወይ ደርቋል። ትናንት አንድ ድመት ምድጃው ውስጥ ወልዳለች፣ አራት ናቸው፣ አንዷ ነጭ ናት። ጥበቃው ስም አውጥቶላቸዋል። ፈቃዱም እየደረሰ ነው።

እባክሽ የእንጨት ሥራውን ሰውዬ አትጥሪው። ለማየትም ቢሆን አትጥሪው። አባባ ያንን ቶርኖ የገዙት እናታችን አንቺን በጀርባዋ አዝላ ቆማ ነው ይባል የለ?

የእጄ ንድፍ ይኸው።

ጥድፌ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ወንድሜ፣

ስለ ድመት ጽፈህልኝ አታውቅም። ድመት አትወድም።

ንድፉን መስኮቱ ላይ ለጥፌ በብርሃን አየሁት። ሥራዬ ይኸው ነው፤ የማላውቀውን ዕቃ አገላብጬ ማን እንደሠራው፣ የት እንደኖረ፣ ምን እንደደረሰበት መለየት። መስመሩን ያሠመርከው አንተ አይደለህም፤ ሌላ ሰው ነው፣ ፈሪ ሰው፣ ጣትና ጣት መሃል ሲደርስ እርሳሱን ያነሳል። ጥበቃው ይመስለኛል። አንድ ሰው የገዛ ቀኝ እጁን ግራው እርሳስ ስለማይገራ በሰው ቢያስነድፍ አይገርመኝም ነበር።

ግን ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ትታጠፋለች።

ሰባት ዓመትህ ነበር። የመሣሪያ ቁምሳጥኑ በር ቀጥቅጧት ነው። ሦስት ቀን እፍ እያልኩልህ አስተኛሁህ፣ ጣቷ ግን ቀጥ ሳትል ቀረች። የግራ እጅህ ትንሿ ጣት ናት። መዳፍህን ወደ ላይ ገልብጠህ ቀኝ አስመስለሃታል። ሌላ ሰው ብታታልልበት ያምርብህ ነበር።

ቀኝ እጅህ የት አለ?

እስካሁን የጻፍከውን ሁሉ መልሼ አነበብኩ። “ማንም ተጫዋች አልተጎዳም።” አንተ ተጫዋች አይደለህም። ጥበቃውም “ወጥቷል፣ ደህና ነው” አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተ ቀሎ አልቋል፣ እኔ ላይ ግን ከብዶብኛል። ከወንበር ወደ በር፣ ከበር ወደ ወንበር እላለሁ። ሸራውን እገልጥና መልሼ እሸፍናለሁ። ሰዓት ሠሪው “አንድ ቦታ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ” ብሎ ወጣ።

ሰውዬው ማክሰኞ ታኅሣሥ 20 ማሽኑን ሊያይ ይመጣል። ተቀጣጥረናል። እውነቱን ከዚያ በፊት ጻፍልኝ። የፈራሁትን ያህል ይሁን፣ ግን ጻፍልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 16 ቀን

እትዬ፣

በግራ ነው የምጽፈው፣ ታገሺኝ።

ኅዳር 12 ነበር፣ የመክፈቻው ዋዜማ፣ ጠዋት። ሃያውም ቦምቦላ ተሞልቶ ተደርድሮ ነበር። አንዷ ላይ ቀዩ መስመር ተሰብሮ አየሁ። የጥፍር ቀለም ውፍረት ያህል ብቻ ዞራለች። አትነኪም ብዬ ለአንቺ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለጥበቃው ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አስተንፍሼ እንደገና ባስሞላት ግማሽ ቀን ይሄድብኛል፣ ብዬ መፍቻ አመጣሁና ላጥብቃት ብዬ ያዝኳት።

ድምፁን ምድጃው ሦስት ጊዜ መለሰው። ሌባ ጣቴና መካከለኛዋ ከሁለተኛው አንጓ በላይ የሉም። ሌላው ሁሉ አለ። ጥበቃው በጋሪ ነው ያደረሰኝ፣ ከእኔ በላይ እሱ አለቀሰ። ያንቺ የኅዳር 15 ደብዳቤ የደረሰኝ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ለጥበቃው “አንብብልኝ” አልኩት፤ “አትንካው” የሚለው ላይ ሲደርስ ማንበብ አቆመ።

የደበቅኩሽ እጄን ፈርቼ አይደለም። መሐላሽን ፈርቼ ነው። ካወቅሽ ቶርኖውን ትሸጪዋለሽ፣ ከሸጥሽው ደግሞ አንቺን የገደልኩሽ እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ያልጻፍኩልሽም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እስር ቤት ያልኩት ያንቺን ሕይወት መሆኑን መንገድ ላይ ነው ያወቅኩት፣ እና አፈርኩ። ያ ካርቶን ሙሉ ብረት ይቅርታ ነበር። ሌላ የማውቀው መንገድ አልነበረም።

አንቺ በአንድ ፀጉር ተሳሳትሽ። እኔ የማውቀውን መስመር ተሰብሮ እያየሁ መፍቻ አነሳሁ። እኩል ነን ብለሻል፤ አይደለንም፣ ግን ከፈለግሽ እንሁን። አንድ ነገር ብቻ አምኚልኝ። ዓይንሽን አሳዪ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትይኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አሁን የእኔን አውጥቻለሁ።

ጉድጓድ ገባች ያልኩሽ ሃያኛዋ አንገት ኪሴ ውስጥ ነበረች። ይቻትና። ጥርሶቿን እይ፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው የታረዱት፣ እንዳልሽው።

ሌላኛው ወረቀት እውነተኛው ቀኝ እጄ ነው። አሁን እንዳለ፣ ሳይገለበጥ። ሜዳውን መክፈት እፈልጋለሁ፣ በዚህ እጅ። በቀለበት ጣት የሚሳብ ቃታ ያስፈልገኛል፣ እጀታውም ሁለቱ ጣቶች በነበሩበት በኩል ሞላ ያለ ይሁን። እንዲህ ያለ ዕቃ የትም ፋብሪካ አይሠራም፣ ተሠርቶም አያውቅም። ቶርኖውን ከሸጥሽውም ሽጪው፤ መሐላሽ ነው። ግን መጀመሪያ ይህን ጨርሺልኝ።

ጥድፌ


ጥር 9 ቀን

ጥድፌ፣

የእጅህን ወረቀት ስገልጠው ጮህኩ። ራሴን አልሰማሁትም፣ ሰዓት ሠሪው ግን ሱቁን ከፍቶ ትቶ መጣ። ሁለት ቀን አለቀስኩ። ይህን የምጽፈው እንድታዝንልኝ አይደለም፤ አንተም ሁሉን ነግረኸኛል፣ እኔም አልደብቅህም።

ማክሰኞ ሰውዬው መጣ። ሸራውን ገልጦ ቶርኖውን ዞረው፣ እጁን ጫን አደረገበት፣ “ድንቅ ነው” አለ። ንድፍህ ከመብራቱ ሥር ተለጥፎ ነበር፤ አየውና “ይህስ ምንድን ነው?” አለኝ። “ያልጨረስኩት ሥራ” አልኩት። “መቼ ትጨርሺዋለሽ?” አለ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሰው እስካለ ድረስ እጁ ይለዋወጣል፣ እጀታውም አብሮ መለወጥ አለበት። ሄደ። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ለዚያ እኔው መልስ እሰጣለሁ።

ዓይኔን ታየሁ። የሞራ ግርዶሽ ነው አሉኝ፣ ሁለቱም ላይ። ካላደረግኩት ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ነበር የማልኩት፤ ለካ ስምል ግንባር ሆኖ ቆይቷል። ቀኙን ቀደው አጸዱልኝ፣ ግራው በሚቀጥለው ወር ነው። ፋሻው ሲነሳ ወደ ቶርኖ ቤት መጥቼ ቆሜ ቀረሁ። ጥድፌ፣ ይህ ቤት አራት ዓመት አልተጠረገም! በየጥጉ የብረት ፍቅፋቂ ተቆልሏል፣ አንድም ሰው አልነገረኝም። መጀመሪያ ጠረግኩ። ቀጥዬ የጥርስ መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥቼ በክር አንገቴ ላይ አሠርኩት። አሁን “ሳትለኪ ሻይ እንኳ አታማስዪም” ይለኛል ሰዓት ሠሪው።

ቃታዋን ጀምሬያለሁ። ግን ቅርጹን እንጂ ውፍረቱን አልላክህልኝም። የቀለበት ጣትህ ሁለተኛው አንጓ ላይ ስንት ነው? ቁስሉ ሲደርቅ ቆዳው ስለሚሰበሰብ በየሁለት ሳምንቱ ተለካና ጻፍልኝ። በካሊፐር ይለካልህ፣ ጥበቃው ይለካልህ፣ በግምት እንዳይሆን። ሲነካህ የሚያምህ ቦታ ካለ ንድፉ ላይ ምልክት አድርግበት፣ እዚያ ጋ እጀታውን አጎደጉደዋለሁ።

ሃያ አዳዲስ አንገቶች አብረው መጥተዋል፣ የኢንች። እያንዳንዳቸውን በመለኪያ አይቻለሁ፣ ሰዓት ሠሪውም በመነጽሩ አይቷል፣ ብርሃን አያልፍም። ባዶ ቦምቦላ ላይ፣ ባሉህ ጣቶች አስገባቸው። እምቢ ካሉህ መፍቻውን ተወውና ደብዳቤ ጻፍልኝ።

እህትህ